ቃሉን በአደባባይ የከመረ ቀራፂ

የኪነ ጥበብ ሰው ከሕዝብ ጋር ሲነጋገር ንግግሩ በምን ይመዘናል?

ኪነ ጥበብ ከሰው ልጅ ሥራ ጋር አብሮ የተወለደ የኅብረተሰብ ንቃተ ህሊና መገለጫ ነው። ገበሬው ሲያርስ ያዜማል፤ ሸማኔው ለጥለቱ ቀለም ይመርጣል፤ ሸክላ ሠሪዋ የእንስራውን አንገት የምታሰማምረው ውሃ እንዲይዝ ብቻ ብላ አይደለም። ይሁን እንጂ ኅብረተሰብ በመደብ ከተከፋፈለ ወዲህ የጥበብ ሰው ከሥራው ሰው እየተነጠለ፣ ሥዕሉ በባለጠጋ ሳሎን ተሰቅሎ፣ ሐውልቱ በቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆሞ፣ ሰፊው ሕዝብ ተመልካች እንኳ ሳይሆን የቀረበት ዘመን ረጅም ነው። ስለሆነም አንድ የኪነ ጥበብ ሰው ከሥራ ክፍሉ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ሲቆምና «ይህን የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለ ኅብረተሰቡም ያለኝ አመለካከት ይህ ነው» ብሎ ሲናገር ድርጊቱ እንደ ተራ ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያለው ንግግር በብዙ አገሮች የተለመደ ሆኗል። ሙዚየሞች፣ ዩኒቨርስቲዎችና የትርኢት አዳራሾች ሠዓሊውንና ቀራፂውን ይጋብዛሉ። ተጋባዡ ሥራዎቹን በምስል እያሳየ አንድ ሰዓት ያህል ይናገራል፤ ጥቂት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ይጨበጨባል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ በአዳራሹ የቀረው ምንድን ነው? ተናጋሪው የገባው ቃል ካለ፣ ቃሉ መፈጸም አለመፈጸሙን የሚቆጣጠረውስ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ላይ ከማብሰልሰል ይልቅ በተጨባጭ ምሳሌ ማየቱ ይሻላል። ለዚህም በንግግሩ ብዛት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ቀራፂያን ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣውን፣ ወዳጆቹ እንደ ነቢይ፣ ነቃፊዎቹ እንደ አስመሳይ የሚቆጥሩትን ጀርመናዊውን ዮዜፍ ቦይስን መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፍርስራሽ የተነሣ ትርኢት

ስለ ሰውየው ከመናገራችን በፊት የተናገረባትን ከተማ ማወቅ ያሻል። ካሰል በጀርመን መካከለኛ ክፍል የምትገኝ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የሄንሸል ፋብሪካዎቿ በባቡር ሎኮሞቲቭ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ በፋሺስቱ ዘመን ግን ታንክ ማምረቻ ሆኑ። የጦርነት ትርፉ ለባለሀብቱ፣ ዕዳው ለሠርቶ አደሩ ነውና፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1943 በአንድ ሌሊት በወረደው የአየር ድብደባ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። የከተማዋ አሮጌ ክፍል የድንጋይ ክምር ሆነ። ይህን የድንጋይ ክምር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጦርነቱ በኋላ አርኖልድ ቦደ የተባለ የከተማዋ ተወላጅ፣ ሠዓሊና መምህር፣ «ዶክመንታ» የተሰኘውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትርኢት በ1955 አቋቋመ። ቦታው በቦምብ የተመታው የፍሪደሪሲያኑም ሕንፃ ነበር። ናዚዎች «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ከየሙዚየሙ የጣሉትን ሥራ ለሕዝብ መልሶ ማሳየት ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ትርኢቱ ከ1972 ወዲህ በየአምስት ዓመቱ ለመቶ ቀናት የሚከፈት ሆኗል።

ቦይስ በ1921 ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሂትለር አየር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። በ1944 የነበረበት አውሮፕላን ክራይሚያ ላይ ወደቀ። የታታር ሰዎች አግኝተውት፣ ገላውን ስብ ቀብተውና በተጠቀጠቀ ሱፍ ጠቅልለው ነፍሱን እንዳተረፉለት ይናገር ነበር፤ በሥራዎቹ ውስጥ ስብና ሱፍ መመላለሳቸውም በዚሁ ታሪክ ሲተረጎም ኖሯል። መዛግብቱን የመረመሩ ሰዎች ግን ከወደቀበት ያነሣው የጀርመን ጦር ፈላጊ ቡድን መሆኑን ደርሰውበታል። ይህን የምናነሣው ሰውየውን ለማዋረድ አይደለም። የጥበብ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል እንደማንኛውም ሰው ቃል በማስረጃ መፈተን ያለበት መሆኑን ከመጀመሪያው ለማስጨበጥ ነው። አድማጭ መድረኩ ላይ የቆመውን ሰው ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ማምለክ ግን አይገባውም።

መቶ ቀን በሰሌዳ ፊት

ቦይስ ከ1961 ጀምሮ በዱሰልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቅርፃ ቅርፅ መምህር ነበር። የክፍሉ በር ለማንም እንዲከፈት ይፈልግ ስለነበር ከአስተዳደሩ ጋር ይጋጭ ጀመር። በ1971 ሕዝቡ በፓርቲዎች በኩል ብቻ ሳይሆን በቀጥታ በሕዝበ ውሳኔ እንዲገዛ የሚጠይቅ ድርጅት አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ይህንኑ ሐሳብ በሥዕላዊ መግለጫ ያሳተመበትን የዕቃ መያዣ ከረጢት በመንገድ ላይ አደለ። ሰው ሽንኩርትና ዳቦ በሚይዝበት ከረጢት ላይ የመንግሥት አወቃቀር ትምህርት ተጽፎ ወደ ጓዳ ገባ ማለት ነው።

በ1972 አምስተኛው ዶክመንታ ሲከፈት ከቦይስ የሚጠበቀው እንደ ሌሎቹ ቅርፃ ቅርፅ ይዞ እንዲመጣ ነበር። እሱ ግን የድርጅቱን ቢሮ ይዞ መጣ። በትርኢቱ ሕንፃ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና በራሪ ወረቀቶች ተደረደሩ፤ በጠረጴዛው ላይ ውሃ በያዘ የላቦራቶሪ መለኪያ ብርጭቆ አንድ ቀይ ጽጌረዳ ይቀመጥ ነበር። ቦይስም ቢሮው ክፍት በሆነባቸው መቶ ቀናት ከመጣው ሁሉ ጋር ሲከራከር ከረመ። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ተጠየቀ። የቤት እመቤት ሥራም እንደ ማንኛውም ሥራ ደመወዝ ሊከፈልበት ይገባል ብሎ ይሟገት ነበር።

ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው። ለቦይስ ቅርፃ ቅርፅ ማለት ድንጋይ መጥረብ፣ ነሐስ ማቅለጥ ብቻ አልነበረም። ኅብረተሰቡ ራሱ ገና ያልተጠናቀቀ ቅርፅ ነው፤ ይህንንም ቅርፅ በሐሳቡ፣ በንግግሩና በሥራው የሚያበጀው እያንዳንዱ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የጥበብ ሰው ነው ይል ነበር። ይህ አባባል ብዙ ጊዜ «ሁሉም ሰው ይሣል» ተብሎ በስሕተት ይተረጎማል። የፈለገው ነርሷም፣ መካኒኩም፣ የሂሳብ ሠራተኛውም በየሥራቸው ፈጣሪ የመሆን ችሎታ አላቸው፣ ይህን ችሎታ የሚያፍነው የአሠራር ሥርዓት መለወጥ አለበት ለማለት ነው።

ትርኢቱ በተዘጋበት ዕለት ቦይስ ከአንድ ወጣት የጥበብ ሰው ጋር በቦክስ ሜዳ ሦስት ዙር ተጋጠመ፤ ግጥሚያውም «ለቀጥተኛ ዴሞክራሲ» የሚል ስም ተሰጠው። በዚያው ኦክቶበር ወር ደግሞ ቦታ የለም ተብለው ከአካዳሚው የተመለሱ አመልካቾችን ይዞ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በመቀመጡ በክፍለ ሀገሩ የሳይንስ ሚኒስትር ከሥራው ተባረረ። ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ በ1978ም መባረሩ ሕግን የተከተለ እንዳልነበረ ተወሰነለት።

ንግግሩ የገጠመው ቅራኔ

እስከዚህ ድረስ ያየነው የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ተንታኝ ዓይን በገጽታው ብቻ ረክቶ አይቀርም፤ ከገጽታው በስተጀርባ ያለውን ቅራኔ ይፈልጋል። በቦይስ የመቶ ቀን ንግግር ውስጥም ሦስት ቅራኔዎች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው የአድማጩ ማንነት ነው። አንድ ጋዜጠኛ በቢሮው ከጠዋት እስከ ማታ ውሎ የአንድን ቀን ክንውን ሰዓት በሰዓት መዝግቧል። በዚያ ቀን ከ800 በላይ ጎብኚዎች ገብተው ወጡ፤ አፋቸውን ከፍተው የጠየቁት ግን በጥቂት አስሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። የቀሩት በር ላይ ቆመው አይተው አለፉ። ወደ ትርኢቱ የሚገባው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ባውናታል በሚገኘው የቮልክስዋገን ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ወዛደር ከሥራ መልስ ስንት ቀን መጥቶ ስለ ሕዝበ ውሳኔ ሊከራከር ይችላል? ቢሮው ለሁሉ ክፍት ነው መባሉ እውነት ነው። ጊዜው፣ ገንዘቡና ድፍረቱ ለሁሉ እኩል የተከፋፈለ አለመሆኑም እንዲሁ እውነት ነው።

ሁለተኛው ቅራኔ የንግግሩ ዕቃነት ነው። ቦይስ ሲናገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስትና ቃል፣ ክብና መስመር ይጽፍ ነበር። በ1972 ለንደን ውስጥ በቴት ሙዚየም ሲናገር የጻፈባቸው ሰሌዳዎች ሳይጠረጉ ቀሩ፤ ዛሬ የሙዚየሙ ንብረት ናቸው። ለክርክር የተጻፈ፣ በሚቀጥለው ቀን ተጠርጎ በተሻለ ሐሳብ ሊተካ የሚገባው የጠመኔ ጽሑፍ በፈሳሽ ተነክሮ፣ በመስታወት ተከልሎ ሊነካ የማይቻል ቅርስ ይሆናል። የካፒታል ገበያ የሚቃወመውን ቃል እንኳ ጠቅልሎ ዋጋ ለጥፎ እንደሚሸጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ቅራኔ በሐሳቡና በመሣሪያው መካከል ያለው ነው። ሰው ሁሉ የኅብረተሰቡ ቀራፂ ነው ማለት መልካም ቃል ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ፣ ፋብሪካውና ባንኩ በጥቂቶች እጅ እያለ ለሠራተኛው «አንተ ቀራፂ ነህ» ማለት መዶሻውን ነጥቆ ድንጋይ ጥረብ እንደ ማለት ሊሆን ይችላል። በዘመኑ የነበሩ ግራ ዘመም ኀያሲያን ቦይስን በዚህ ነጥብ አጥብቀው ወቅሰውታል፤ ወቀሳቸውም መሠረት ነበረው። ፖለቲካው በንግግር ደምቆ በተግባር ሳስቷል አሉት።

ቦይስ በበኩሉ መናገሩን አልተወም። በ1973 ከደራሲው ሄንሪክ በል ጋር ሆኖ ነፃ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርስቲ የተባለ ማኅበር መሠረተ። በ1974 መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ሚኒያፖሊስ እየተዘዋወረ ተናገረ። በ1977 በስድስተኛው ዶክመንታ በሕንፃው ውስጥ ማር በቧንቧ የሚያዘዋውር ሞተር ተክሎ፣ ከአጠገቡ ሌላ መቶ ቀን ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ኒውክሊየር ኃይልና ስለ ሰብዓዊ መብት ውይይት አካሄደ። ማሩ ሲዘዋወር ንግግሩም አብሮ ተዘዋወረ። የተነሣው ጥያቄ ግን ባለበት ቆመ፤ ከዚህ ሁሉ ቃል በኋላ በካሰል መሬት ላይ ምን ተለወጠ?

ሰባት ሺህ ድንጋይ፣ ሰባት ሺህ ዛፍ

መልሱ በ1982 በሰባተኛው ዶክመንታ መጣ። ቦይስ በካሰል ከተማ 7,000 ዛፎች እተክላለሁ፤ በእያንዳንዱ ዛፍ አጠገብም አንድ የባዛልት ድንጋይ ይቆማል አለ። ዋናው ዛፍ ኦክ የተባለው ነው፤ ጀርመኖች እኛ ዋርካን በምናይበት ዓይን የሚያዩት፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ ዕድሜው በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዛፍ ነው። እንደየቦታው ሌሎች የዛፍ ዓይነቶችም ተጨምረዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የነገሩ ቁልፍ ያለው በድንጋዩ ላይ ነው። ቦይስ ዛፉን ከመትከሉ በፊት ሰባት ሺውን ድንጋይ አስመጥቶ በከተማዋ እምብርት፣ በፍሪደሪሲያኑም ፊት ባለው አደባባይ ላይ ከመረው። የክምሩ ጫፍ ወደሚተከለው የመጀመሪያ ዛፍ አመለከተ። ደንቡም ግልጽ ነበር፤ አንድ ዛፍ ሲተከል ብቻ አንድ ድንጋይ ከክምሩ ይነሣል። ዛፍ ካልተተከለ ድንጋዩ ከአደባባዩ አይንቀሳቀስም።

አንባቢ ይህን ያጢን። የመንግሥት ሰው በአዳራሽ የተናገረው ቃል በቃለ ጉባዔ ተመዝግቦ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የጥበብ ሰው የተናገረውም በጋዜጣ ታትሞ በማግሥቱ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። ቦይስ ግን ዕዳውን ከፊደል ይልቅ በድንጋይ ጻፈው። ወደ ሥራ የሚሄደው ሠራተኛ፣ ወደ ገበያ የምትሄደው እናት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ በየቀኑ በክምሩ አጠገብ ያልፋሉ። ክምሩ ካልቀነሰ ሰውየው ዋሽቷል፤ ከቀነሰም ሠርቷል ማለት ነው። ለዚህ ሒሳብ ኦዲተር አያሻም፤ ዓይን ብቻ ይበቃል።

ሕዝቡ ወዲያው እልል ብሎ አልተቀበለውም። የከተማዋን ፍርስራሽ በእጃቸው የጠረጉት ሽማግሌዎች በአደባባያቸው ላይ እንደገና የድንጋይ ክምር ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ባለ መኪናዎች ማቆሚያችንን ዛፍ ወሰደብን አሉ። ድንጋዩ አስቀያሚ ነው ያሉ ደግሞ ሮዝ ቀለም ቀቡት። ይህ ሁሉ ሂስ ነው፤ ያውም ከአዳራሽ ጥያቄ የበለጠ ሐቀኛ ሂስ ነው። በ1972 ከ800 ሰው ጥቂት አስሮች ብቻ አፍ ከፈቱ፤ በ1982 ግን የከተማዋ ሕዝብ በሙሉ ተናጋሪ ሆነ።

ዋናው ለውጥ የመጣው ቦታ በመምረጡ ላይ ነው። ዛፉ የት ይተከል የሚለውን ቀራፂው ብቻውን አልወሰነም። ነዋሪዎች፣ የየሠፈሩ ምክር ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ መዋዕለ ሕፃናትና የአካባቢ ማኅበራት ቦታ እየጠቆሙ ሐሳብ አቀረቡ። አስተባባሪ ቢሮ ተቋቁሞ ከከተማው አስተዳደር ጋር በየመንገዱ ተነጋገረ፤ የውሃና የመብራት መስመር ያለፈበት እየተለየ፣ የት ሥር እንደሚይዝ እየተመረመረ ተሠራ። ስለ ቀጥተኛ ዴሞክራሲ በመቶ ቀን ንግግር ያልተጨበጠው ነገር «ዛፉ ከእኛ በር ላይ ይሁን ወይስ ከማዶ?» በሚል የጎረቤት ክርክር ተጨበጠ።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ለአንድ ዛፍና ድንጋይ 500 የጀርመን ማርክ ተተመነ፤ በጠቅላላው 3.5 ሚሊዮን ማርክ መሆኑ ነው። መነሻውን ዲያ የተባለው የኒው ዮርክ የጥበብ ድርጅት ረዳ። 500 ማርክ ላዋጣ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ቦይስ ራሱ የሩሲያውን ዛር የአስፈሪው ኢቫንን ዘውድ አስመስሎ የተሠራ የወርቅ ዘውድ በሕዝብ ፊት አቅልጦ ወደ ጥንቸል ቅርፅ ለወጠው፤ ተሽጦም ገንዘቡ ለዛፎቹ ዋለ። እንዲያውም ለጃፓን ውስኪ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርቶ ክፍያውን ለዚሁ አደረገ። ካፒታልን የሚወቅስ ሰው የውስኪ ማስታወቂያ መሥራቱ ያስተቻል፤ ተችተነዋልም። ነገር ግን ሒሳቡ በአደባባይ ቆሟልና ገንዘቡ የት እንደገባ ማንም ሊያይ ይችላል። ስንቱ ንጹሕ ነኝ ባይ ተናጋሪ ይህን ያህል ሊያሳይ ይችላል?

ቦይስ የመጀመሪያውን ዛፍ ማርች 16 ቀን 1982 ተከለ። የመጨረሻውን ለማየት አልታደለም፤ በጃንዋሪ 1986 ሲሞት ከአምስት ሺህ የሚበልጡት ተተክለው ነበር። የቀሩት ድንጋዮች በአደባባዩ ላይ ነበሩ። ባለዕዳው ሲሞት ዕዳውም አብሮ ይቀበር ዘንድ የብዙ አገር ልማድ ነው። በካሰል ግን ክምሩ እዚያው ነበርና ዝም ማለት አልተቻለም። ሥራው ቀጠለ፤ ስምንተኛው ዶክመንታ በ1987 ሲከፈት ሰባት ሺኛውን ዛፍ ከመጀመሪያው ዛፍ አጠገብ ልጁ ቬንዝል ቦይስ ተከለው። አደባባዩም ባዶ ሆነ።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ቃል ከልጅ ይከብዳል ማለታቸው ነው። በካሰል የተናገሩትም የወለዱትም አልጠፋም፤ የወለዱት የተናገሩትን አደረሰ።

ድንጋዮቹ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ቁመት ሲኖራቸው እንደቆሙ ናቸው። ዛፎቹ ሲተከሉ ከድንጋዩ ቢረዝሙም የቀጠኑ፣ ደጋፊ እንጨት የሚያሻቸው ችግኞች ነበሩ፤ ክብደቱ የድንጋዩ ነበር። ዛሬ ከአርባ ዓመት በኋላ ግንዱ ወፍሮ፣ ቅርንጫፉ መንገዱን ጋርዶ፣ ድንጋዩ በሥሩ የተቀመጠ በርጩማ መስሏል። ቦይስ ከመጀመሪያው እንዲህ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ የማይለወጠውን ከሚለወጠው ጋር አቁሞ፣ ብዛት ወደ ዓይነት ሲለወጥ ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ።

የእኛው ሒሳብ

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም ከዚያው ከጀርመን ምድር ይጀምራል። ቦይስ ካስተማረባት ከዱሰልዶርፍ ብዙም በማትርቀው በኮሎኝ ከተማ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሥነ ጥበብ ያጠና ነበር። ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዓለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ያቀረቧቸው ረቂቅ ሥዕሎችም ብርቱ ክርክር አስነሡ። «ይህ የማን ጥበብ ነው? ከኢትዮጵያ ሕይወት ጋርስ ምን ያገናኘዋል?» ተባለ። ክርክር መነሣቱ ጥሩ ነበር። ጉድለቱ ክርክሩ በከተማው ምሁራንና በትርኢት አዳራሹ ተወስኖ መቅረቱ ነው። የሠፈሩ ነዋሪና የፋብሪካው ሠራተኛ በተሰበሰቡበት ሠዓሊውን አቁሞ «አስረዳን፤ እኛም እንንገርህ» የሚል መድረክ አልተዘረጋም።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ መድረኩ ተዘረጋ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ በየአዳራሹ ተዘፈነ፣ ቲያትር ታየ። ከዚያ በፊት መድረክ ረግጦ የማያውቅ የሠርቶ አደር ልጅ ከበሮ መታ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ግለ ሂስ ማድረግ ካለብን ግን፣ ደግሞም አለብን፣ በዚያ መድረክ ላይ ቃሉ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይፈስ ነበር። የጥበብ ሰው የሚናገረው አስቀድሞ ይጻፍለት፣ አድማጩ የሚያጨበጭብበት ቦታም ይታወቅ ነበር። የተለየ ሐሳብ ያለው በአድሃሪነት ይፈረጅ፣ ከዚያም የከፋ ይደርስበት ነበር። በእንዲህ ያለ ዓምድ ላይ የጻፉ ብዕሮችም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደሉም። ገብረ ክርስቶስ በዚያ ዘመን ከአገር ወጥተው በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ አረፉ። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቻቸው አዲስ አበባ ገብተው በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም የተሰቀሉት ሠዓሊው ከሞቱ ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ተመለሱ። ባለ ሥዕሉ ግን በፊታችን ቆመው «የሠራሁት ስለዚህ ነው» የሚሉበት፣ እኛም የምንጠይቅበት ቀን አልተመለሰም። ከማንኛውም ክምር ድንጋይ የሚከብድ ዕዳ ይህ ነው።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች ዛሬም አሉን፤ በአገር ውስጥም በውጭም ይናገራሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ ያደገችው ሠዓሊት ጁሊ ምሕረቱ በ2012 በዚያው በካሰል ዶክመንታ የካይሮን የታህሪር አደባባይ የመንግሥት ሕንፃ መነሻ ያደረጉ ታላላቅ ሥዕሎች አቅርባለች። አደባባይ፣ ሕዝብና መንግሥት የሚገናኙበት ጉዳይ የዘመኑ የጥበብ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። የሚቀረው የእኛ፣ የነዋሪዎች ማኅበራትና የሠራተኞች ድርሻ ነው።

የማኅበር አዳራሽ ለስብሰባ፣ ለሰርግና ለተዝካር ብቻ አልተሠራም። ሠዓሊውን፣ ቀራፂውን፣ ፎቶግራፍ አንሺውን ወደዚያ መጥራት ይቻላል። ሲጠሩ ግን በሦስት ነገር ይጠየቁ። መጀመሪያ፣ ንግግሩ ከሚናገረው ሰው ጊዜ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሠራተኛው ፈረቃ ጋር ይስማማ፤ ከሰዓት በኋላ በሥራ ቀን የሚደረግ ውይይት ገና ሳይጀመር ግማሹን ሕዝብ አስወጥቷል። ቀጥሎ፣ የጥያቄው ሰዓት ከንግግሩ ሰዓት አይነስ፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናት «አልገባኝም» የማለት መብታቸው ይከበር። በመጨረሻም፣ ተናጋሪው ለሠፈሩ አንድ ነገር ቃል ከገባ፣ የግድግዳ ሥዕል ይሁን፣ የልጆች ትምህርት ይሁን፣ ዛፍ ይሁን፣ ቃሉ ሁሉም በሚያየው ቦታ ምልክት ይቀመጥለት። ማኅበሩም ከሱ ጋር የገባው ቃል ካለ በዚያው ምልክት ይጠየቅ።

የጥበብ ሥራ ራሱ ይናገራል፣ ባለሙያው ዝም ይበል የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይህ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። የጥበብ ሰው ስለ ኅብረተሰብ እናገራለሁ ብሎ አፉን ከከፈተ ግን ኅብረተሰቡም የመመለስና የመቆጣጠር መብት አለው። በካሰል ይህ መብት በሰባት ሺህ ድንጋይ ተለካ። በእኛ ሠፈር በሰባት ቢጀመር ይበቃል፤ ማኅበሩ በር ላይ ሰባት ድንጋይ ተከምሮ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንቱ እንደተነሣና ስንቱ እንደቀረ ነዋሪው ቆጥሮ ይፍረድ።